ባዶ ሙከራ

ወንድሟ በሞተበት ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ባዶውን ሙከራ ልትጀምር ጓንቷን እያጠለቀች ነበር።

ሚዛን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የላቦራቶሪው ሰዎች ናቸው ያወጡላት፤ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ የመዘነችው ነገር ተሳስቶ ስለማያውቅ። ሥራዋ መዳብ ነው። ስስ የመዳብ ሉህ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ትቆርጣለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፣ በአሲድ ታጥባለች፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ትወለውላለች። ከዚያ ሽቦ ይታሰርለትና ውሃ ውስጥ ይነከራል። በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያ ከመኪና ጭስ ማውጫም ከሰው አፍንጫም የሚወጣው ጋዝ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲበራ መዳቡ ላይ የደረሰው ጋዝ ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንዳንዴ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ፣ አንዳንዴ አልኮል። ዓለም ተፍቶ የሚጥለውን ወደሚጠቅም ነገር መለወጥ ነበር የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ። ምን ያህሉ እንደሚለወጥ በአብዛኛው የሚወስነው የመዳቡ ገጽ ነው፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እኔ አወራለሁ እንጂ ሥራውስ የሚዛን ነው" ይላሉ።

ባዶ ሙከራ ማለት ሁሉም ነገር እንዳለ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ብቻ ሳይበራ የሚደረግ ነው። ውሃው አለ፣ መዳቡ አለ፣ ጋዙም ይነፋል። በመጨረሻ ውሃው ሲመረመር አልኮል የሚባል ነገር መገኘት የለበትም። ከተገኘ ከሌላ ቦታ ሾልኮ የገባ እንጂ መዳቡ የሠራው አይደለም ማለት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ምንም አለመሆኑን መጠበቅ።

የዕለቱ ቅጽ ሰባት መስመር አለው። ሰባተኛው "ባዶ ሙከራ ተደርጓል" ይላል። ሚዛን ጓንት ካጠለቀች በኋላ እስክሪብቶ መንካት ስለማትወድ ሰባቱንም መስመር አስቀድማ ራይት የማድረግ ልማድ ነበራት። ያን ቀንም ራይቷን ጨርሳ ጓንቱን ስታጠልቅ ስልኳ ጠራ።

"የሎጋው እህት ነሽ?" አለ የማታውቀው የወንድ ድምፅ።

"ነኝ።"

"ሆስፒታል ነን። ቶሎ ነይ።"

"ምን ሆነ?"

"ነይ ብቻ።"

ምን እንደሆነ የነገራት ያ "ብቻ" ነበር። ጓንቱን አውልቃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። ጋውኗን ሰቀለችው። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋች፤ ሳትዘጋ ወጥታ አታውቅም።

ሎጋው ታናሽ ወንድሟ ነው። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ ስለሚያስብለው ነው ሰፈሩ እንዲያ የሚለው። ቀልድ ሲጀምር ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ ይስቃል፤ የቀልዶቹን መጨረሻ የሰማ ሰው ያለ አይመስልም። ሥራው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ታንክ ማጠብ ነበር። ቢራ ሲብላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቢራው ተቀድቶ ካለቀ በኋላም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ተኝቶ ይቀራል። ቀለም የለውም። የሚቆነጥጥ ነገር አለው ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ የቢራ ሽታ ውስጥ የዋለ አፍንጫ ግን ልብ አይለውም። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት የታችኛው በር ተከፍቶ፣ ማራገቢያ ተደግኖ፣ አንድ ሰዓት መናፈስ አለበት። ያን ቀን በታንኩ በር ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት "ተናፍሷል" ይላል፤ ከጎኑ ራይት አለ። ሎጋው ወረቀቱን አየ፣ ቱቦውን ይዞ ወረደ። ውሃው ሳይዘጋ ብዙ ጊዜ ሲፈስ ሰምተው ነው ሰዎች ያገኙት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሚዛን ቆማ የሚገፋውን አልጋ ጎማ አየች። አንደኛው ጎማ ጠሟል። የመዝገብ ቤቷ ሴት ዕድሜውን ሠላሳ አንድ ብላ ስትጽፍ "ሠላሳ ሁለት ነው" ብላ አስተካከለቻት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ሚዛን ራሷም ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት፤ የሌላ ሰው ጉዳይ የምታስፈጽም ነው የሚመስለው።

ለእናቷ የነገረችው እሷ ናት። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን አይታ "የትኛችሁ?" አለች፤ ሚዛን በሕይወት ፊቷ ቆማ እያየቻት። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

ቤቱ ሰው ሞላ። ወንበር ከጎረቤት መጣ። ሰዎች ሚዛንን እየያዙ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሏታል። "እሺ" ትላለች፤ አይመጣላትም። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ወንበር ትደረድራለች። ደረቷ አካባቢ ጥርስ ለማውጣት የሚወጉት መርፌ የተወጋች ያህል ነበር፤ ቢነኩት ይታወቃል፣ አያምም።

በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ መጣ። ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። ብዙ ሰው ሲወጣ ጠብቆ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

"እናቴ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው" አለ። "ተናፍሷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

እጆቹን ጉልበቱ መሃል አደረገ።

"የሚያናፍሰው ሌላ ሰው ነው። ሁልጊዜ ሰዓቱን ጠብቆ ያናፍሳል። ያን ቀን አሞት ቀርቷል። እኔ አላወቅሁም።"

"ሳያዩ ነው የፈረሙት?" አለች ሚዛን።

"ሳላይ ነው።"

ሚዛን ሰዓት ጠይቃ እንደተነገራት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ልትጮህበት እንደሚገባ ታውቅ ነበር። ጎረቤቶቹም ያን ጠብቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። እሷ ግን የጫማውን ክር እያየች ነበር፤ የግራው ተፈቷል። እናቷ ብድግ ብላ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። "ጠጣ" አለችው፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ጠጣና ወጣ። ክሩ እንደተፈታ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሚዛን ሥራ ገባች። ቤት መቀመጥ ስለከበዳት አይደለም፤ አልከበዳትም። ሥራ ደግሞ ሥራ ስለሆነ ነው። ዘበኛው ቆቡን አነሳላት። የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን ያዘቻት። ማንም ስለ ጋዝ አላነሳም። ላቦራቶሪው ሲሊንደሮቹን ላለፉት አራት ዓመታት የሚገዛው ከዚያው ቢራ ፋብሪካ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። ፋብሪካው ከታንኮቹ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ ጨምቆ ይሸጣል፤ ቅርብ ስለሆነ ነበር የመረጡት። ሲሊንደሮቹ ግድግዳው ሥር በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል፤ ሚዛን አጠገባቸው አለፈች።

ፕሮፌሰሩ በራቸው ላይ ጠበቋት። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቤቷ ሁለት ጊዜ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሄደዋል።

"ሌላም አንድ ሳምንት ማረፍ ትችያለሽ እኮ።"

"ይሻለኛል፣ ፕሮፍ።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ላሳይሽ። ደስ እንኳን ባይልሽ እወቂው።" ወረቀት ዘረጉላት። እሷ በሌለችበት፣ እሷ ያዘጋጀችውን አዲስ መዳብ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ሞክረውታል። አሮጌው መዳብ ከሚፈሰው ኤሌክትሪክ ከመቶ አሥራ ሁለቱን ነበር ወደ አልኮል የሚያውለው። አዲሱ ሠላሳ አራት ሆኗል። "ሠላሳ አራት፣ ሚዛን። ሐሙስ ከበላይ ሰዎች ይመጣሉ። ጋዜጠኛም አለ። አንቺም ትቆሚያለሽ አጠገቤ።"

"ባዶውስ?" አለች።

"አንቺ አድርገሽዋል። ቅጹ ላይ አለ።"

ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ቅጹን አወጣች። ማክሰኞ። ሰባት መስመር፣ ሰባት ራይት፣ የራሷ እጅ ጽሑፍ። ሰባተኛዋ ራይት እንደሌሎቹ ሁሉ ጅራቷ ወደ ላይ ረዝሟል። ሚዛን ብዙ ጊዜ አየቻት። የፈረቃ ኃላፊው ትዝ አላት፤ ሲናገር እጆቹን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ነበር። ያኔም አሁንም የተሰማት ነገር የለም። ብቻ ቅጹን አስቀምጣ ጋውኗን ለበሰች።

አዲስ ውሃ አዘጋጀች። መዳቡን አጥባ ነከረችው። ሲሊንደሩን ከፍታ ቧንቧውን ለቀቀችው፤ አረፋው ከታች እየተከታተለ መውጣት ጀመረ። የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አልነካችም። ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ተኩል አረፋ አየች። ሎጋው መጨረሻ ላይ የሳበው ይሄን እንደሆነ አሰበች፣ የምግብ ቤት ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው አሰበችው። ጊዜው ሲሞላ ከውሃው ቀድታ መመርመሪያ ማሽኑ ውስጥ ከተተች።

አልኮል አለ።

ደገመችው። አለ። ውሃውን ብቻውን፣ ጋዙ ሳይነፋበት መረመረች። የለም። እንግዲህ የሚመጣው ከጋዙ ነው።

ለሲሊንደር አመላላሹ ሾፌር ደወለች። ሾፌሩ ሎጋውን ያውቀዋል፤ ሲጭን ያግዘው ነበር።

"እህቴ፣ እንዴት ነሽ? እግዜር ያጽናሽ" አለ።

"አሜን። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጋዙ እንደ ድሮው ታጥቦ ነው የሚሞላው?"

"ማጠቢያው ከተበላሸ ወር ሊሞላው ነው። ዕቃ ታዟል ይላሉ። እስከዚያ እንዲሁ ነው የሚሞሉት። ለለስላሳ መጠጥ አንሰጠውም፤ ለእናንተ ግን... አይጠጡት፣ ምን ያደርጋቸዋል ብለው ነው መሰለኝ።"

"አልነገሩንም።"

"ማን ይናገራል እህቴ።"

ነገሩ ይሄው ነው፤ ያን ማክሰኞ የተገጠመው ሲሊንደር ማጠቢያው ከተበላሸ በኋላ ከተሞሉት የመጀመሪያው ነበር። ያልታጠበ የቢራ ጋዝ የቢራውን አልኮል ትንሽ ትንሽ ይዞ ይመጣል። ውሃው ውስጥ ሲነፋ አልኮሉ እዚያው ይቀራል። ከሠላሳ አራቱ አብዛኛውን መዳቡ አልሠራውም፤ ተሠርቶ የመጣ ነው።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስትገባ የሐሙሱን ንግግር እያረሙ ነበር። ቆማ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ባዶውን አድርገሽ ነበር እኮ።"

"አላደረግሁም።"

"ራይት አለ።"

"ራይቱን እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሙከራውን አላደረግሁም።"

ፕሮፌሰሩ ወንበር ጠቆሟት፤ አልተቀመጠችም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ። ስልክ ተደወለልሽ፣ ጥለሽ ወጣሽ። ማን ይፈርድብሻል? ይሄን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።"

"ራይቱን ያደረግሁት ስልኩ ከመደወሉ በፊት ነው፣ ፕሮፍ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው። ቀድሜ ነው ራይት የማደርገው። ባይደወል ኖሮ እሠራው ነበር። ግን ሳልሠራ ነው የጻፍኩት።"

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"አሥራ አንድ ዓመት።"

ፕሮፌሰሩ መስኮቱን አዩ። ሚዛን ይቆጡ ይሆን ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጡ ምንም አልነበረም፣ ባይቆጡም ምንም አልነበረም። በእሳቸው ፊት አንድ ስህተት መናገር ይቅርና አርፍዳ መግባት እንኳ የምትፈራ ሰው ነበረች። አሁን የሚፈራው ክፍሏ ተዘግቶ ቁልፉ የጠፋ ይመስል ነበር፤ እውነቱን መናገር ቀለላት።

"ሐሙስን ልሰርዘው ነው" አሉ በመጨረሻ። "ምክንያቱንም መጻፍ አለብኝ። ስምሽ ይገባል።"

"ይግባ።"

"ሚዛን፣ ደህና ነሽ?"

"አላውቅም" አለች። ያን ሰሞን ለዚህ ጥያቄ ከመለሰቻቸው መልሶች አስባ የመለሰችው ይሄን ብቻ ነው።

ሐሙስ ተሰረዘ። ጋዜጠኛው ሌላ ነገር ጻፈ። ከበላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላት፤ አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ፕሮፌሰሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታቸው አጠረ፤ ከዚያ ረዘመ። ከሌላ ከተማ ንጹሕ ጋዝ አስመጡ። ሚዛን መዳቡን እንደገና ወልውላ፣ ባዶውን ሠርታ፣ ምንም አለመገኘቱን አይታ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን አበራች። አሥራ አራት። ከአሮጌው በሁለት የሚበልጥ።

"ሁለትም ሁለት ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

በዚያው ወር ፋብሪካው ውስጥ አደጋውን የሚመረምር ኮሚቴ ቤተሰቡን ጠራ። እናቷ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ ምን እላለሁ" አለች። ሚዛን ሄደች። ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ሰዎች፣ ጥግ ላይ የፈረቃ ኃላፊው። ሰብሳቢው "ቤተሰቡ በግለሰቡ ላይ የሚለው ካለ" አሏት።

ሚዛን "እኔም ሳልሠራ ተሠርቷል ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ" አለች። ሰዎቹ ተያዩ። "የእኔ ራይት ሰው አልገደለም፤ አጋጣሚ ነው። ስለዚህ ይቀጣ ለማለት አፌን ሞልቼ አልችልም። ይቅር ለማለትም መጀመሪያ መናደድ አለብኝ፤ አልተናደድኩም፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወረቀቱ ላይ ራይት የሚባለውን አውጡት። መለኪያ ታንኩ ውስጥ ይውረድ፣ ያነበበውን ቁጥር ይጻፍ። ራይት ሳያዩም ይደረጋል። ቁጥር ግን ሳያዩ ከጻፉት ውሸት መሆኑን እጅም ያውቀዋል።"

ኃላፊው አንገቱን እንደደፋ "እውነት ነው" አለ።

ከሥራ አሰናበቱት። ወረቀቱንም ቀየሩት። ሾፌሩ ነው በኋላ የነገራት፤ አሁን ታንክ አጣቢዎቹ ቁጥር ካላዩ አንገባም ይላሉ አለ። ሚዛን የራሷንም ቅጽ ቀየረች፤ ሰባተኛው መስመር ላይ አሁን ባዶ ሳጥን አለ፣ ቁጥር የሚጻፍበት። መጻፊያ እስክሪብቶ በጓንት መያዝ ለመደች።

እናቷ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሳህን እያነሳች "እዚያ መሥሪያ ቤትሽ የምትሠሩበት ጋዝ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሚዛን ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር።

"ያው ነው እማዬ። ያው ጋዝ።"

እናቷ ሳህኑን አስቀመጠች። "ልየው" አለች።

በማግስቱ ይዛት ሄደች። ዘበኛው ወንበር ሊያመጣ ተነሳ፤ እናቷ እጇን አወናጨፈችለት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ላቦራቶሪው ውስጥ ገባች። ሚዛን መነጽር አደረገችላት፤ ለትልቁ ፊቷ ጠበባት። ሥራ ላይ ያለችውን ብርጭቆ አሳየቻት። መዳቡ ውስጧ ቆሟል፣ አረፋው ከጎኑ ይወጣል።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

እናቷ ጎንበስ ብላ አየች። "እኔ ጥቁር ነገር መስሎኝ" አለች። "ሲመጣበት የሚያየው ነገር።"

"አይታይም እማዬ።"

"አሁን ምን እያደረጋችሁት ነው?"

"ጥቂቱ ወደ አልኮል እየተለወጠ ነው። ጥቂቱ ወደ ሌላ ነገር። የቀረው በዚያ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል።"

"አይጨረስም በዪኛ።"

"አይጨረስም።"

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙከራው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር። "ጨርሺ፣ እጠብቅሻለሁ" አለች። አርባውን ደቂቃ ሙሉ ዓይኗን ከአረፋው ሳትነቅል፣ እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ ተቀመጠች። ፕሮፌሰሩ ገብተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሻይ ይምጣ ቢሉ አልፈለገችም። ማሽኑ ቁጥሩን ሲያወጣ ሚዛን ጻፈችው። እናቷ ቁጥሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ አልጠየቀችም። መነጽሩን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መለሰችላት።

ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ እያየች "ልብሱን ነገ እናውጣለት" አለች። ከሞተ ጀምሮ ክፍሉን የከፈተ የለም።

"እሺ" አለች ሚዛን።

በማግስቱ ልብሱን አወጡ። ቁመቱ ለማንም አይሆንም፤ ሱሪዎቹን ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ አሳጥሮ ለሚፈልግ ሊሰጥ ወሰዳቸው። እናቷ አለቀሰች። ሚዛን ሸሚዝ እያጠፈች አዳመጠቻት። የእሷ ለቅሶ ሌላ ጊዜ መጣ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ውስጥ። የእናቷን የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ነበር። ማንም ምንም አላላትም፣ ያስታወሳትም ነገር አልነበረም። ፋርማሲስቷ "ስንት ጊዜ ነው የምትወስደው?" ብላ ስትጠይቃት ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም፣ ሌላ ነገር ወጣ። ፋርማሲስቷ ከጀርባ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። ሰልፉ በጎኗ እያለፈ ተስተናገደ። ሩብ ሰዓት ያህል አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በመሐረብ ጠርጋ ተነሳች፣ "በቀን ሦስት ጊዜ" አለች፣ ሽሮፑን ይዛ ወጣች።